አንዲት መስመር

ደሴ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ዝርዝሩን ዘርግቼ
የአሮጌ ካርድ ድራይቨር ሁሉ «አይ» ብዬ ዘግቼ፣
ከርነሉ ቀለለ፤ እኔም ተኛሁ ኮርቼ።

ሲነጋ ሙሄ ደወለ ከኮምቦልቻ፦
«ሰባት ቁጥር ቆመች፣ መሸመኛዋ፣ እሷ ብቻ።
ክሯ አልተበጠሰም፣ ጥርሷም አልላላ፤
ኮምፒውተሩ ነው እንጂ፣ ‹ማን ነሽ› ብሎ፣ ያላት ችላ።»

ሐረጎን ቁልቁል ወረድኩ፣ ላፕቶፕ ታቅፌ፣
ያቺን «አይ» ፍለጋ፣ መቶ «አይ» አልፌ።
«አዎ» አልኳት። ግንባታው ሁለት ሰዓት ፈጀ፤
መብራት አንዴ ሄዶብን፣ ሙሄ እንደ ካርዷ አጠገቤ አረጀ።

ስትነሳ፣ ወለሉ ሲርድ፣ ከመስመሯ ጎን ጻፍኩላት፦
«አትንኳት፤ ሰው አላት።»
ሙሄ ዘይታም ጣቱን ስክሪኑ ላይ አኑሮ አነበባት፤
«በሰኔ ጡረታ ነኝ፤ ያኔስ ምን ልትጽፊላት?»