ሻንሲ የላትም

የካቲት ሲገባ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ጺረን ደጄ ቆመ፤
ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፣ ሰላምም ሳይለኝ
«ሁለቱን በሮቿን ንቀልልኝ» አለኝ።

ሳቅሁ መጀመሪያ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ነው፤
ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር በሚሆንበት አገር
ማን ነው በገዛ ገንዘቡ ነፋስ የሚገዛ?

በያጅ ነኝ። የባይካልን ጀልባ ስጠግን ነው የጎበጥሁት፤
የሰው ቀልድ አውቃለሁ፣ የሱን ግን ቀልድ ሆኖ አላገኘሁት።

«ስማኝ» አልሁት፣ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬ፤
«ኒቫ እንደ ጭነት መኪና አይደለችም፣ ሻንሲ የላትም፤
አጥንቷ ቆዳዋ ነው፣ ከላሜራዋ ሌላ ጎድን የላትም።
ጣራው በምሰሶው፣ ምሰሶው በወለሉ፣
ተያይዘው ነው የሚኖሩ፣ አንዱ በአንዱ ጣጣ፣ እንደ ቤተሰብ ሁሉ።
በሯን ብነቅልብህ፣ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ትጠማዘዛለች፤
ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያይ፣ ከመስታወቷ ጥግ ትሰነጠቃለች።»

«ቱቦ በይድባታ።»

«ስፖኪዮውስ? በሩ ላይ ነው። ኋላህን በምን ታያለህ?»
ዝም አለ። ሻዩ ላይ ወተት ጨመረ፣ ጨው ጨመረ፤
«ኋላዬን» አለ፣ «ሳልፈልግ አየዋለሁ።»

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

አምና፣ መጋቢት መጨረሻ፣ ወንድሙ ዞሪግቶ
ዓሣ ሊጭን ወደ ደሴቱ ሲሻገር፣
ከላይ ጤነኛ የሚመስል፣ ከስር የሳሳ በረዶ
ከነመኪናው ዋጠው።
በረዶም በር አለው፤ ወደ ታች ብቻ ነው የሚከፈት፣
ከውስጥ እጀታ የለውም።
ሰው ከውስጥ ይገፋል፣ ሐይቅ ከውጭ ይገፋል፤
ሐይቅ አይደክመውም።
በዊንች ስናወጣው የመስኮቱ ማውረጃ እጀታ
ተነቅሎ እጁ ውስጥ ነበር።
መዳፉን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ለጺረን አልነገርሁትም፣
እሱም አልጠየቀኝም፤
እጀታው እስከ ዛሬ የብሎን ጣሳዬ ውስጥ አለ።

ክርክሬን ትቼ ካቻቪቴ አነሳሁ።
ማጠፊያው ዝጓል፤ ብሎኑ እምቢ አለኝ፤
በእሳት አሞቅሁት፣ ዘይት አጠጣሁት፣ ሰደብሁት፣
በመጨረሻ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ነቀልሁት።
ምሰሶውን አልነካሁም
(መቁረጥ የሚወድ በያጅ እዚያ ጋ ነው የሚሳሳት)
ከፊተኛው እስከ ኋለኛው፣ ከጉልበት በታች፣
የደነገጠ ሰው ሊዘለው በሚችል ከፍታ
ክብ ቱቦ በየድሁ፣ ማዕዘኖቹን በወፍራም ላሜራ ደገፍሁ።
ብልጭታው ሲረጭ ጺረን ፊቱን አላዞረም።
«ዓይንህን!» አልሁት። አልሰማኝም።

ማታ ሚስቱ ሰሰግማ መጣች፣ የሱፍ ምንጣፍ ተሸክማ፤
በሩ በነበረበት ሰቀለችው፣ በሦስት ሽቦ አስራ፤
«እሱ መውጫ ይፈልጋል» አለችኝ፣ «እኔ ደግሞ
ጆሮ ያለው ባል ቢመለስልኝ እወዳለሁ።»
ሁለት የተጨሰ ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። ሒሳብ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ከዳርቻው ቆሜ አየሁት፤
የወንበሩ ቀበቶ ተቆርጧል፣ ግራ ክርኑ ውጭ ነው፣
ምንጣፉ እየተርገበገበ ጎኑን ይመታዋል።
ሐይቁ ከጎማው ስር አንዴ አጉረመረመ፤
ጺረን ፍሬን አልያዘም፣ አልፈጠነምም።

በሮቹ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተደግፈዋል።
የጎረቤት ልጆች አንዱን ያቆሙታል፤
አንደኛዋ ታንኳኳለች፣ ሌላው «ማነው?» ይላል፣
ከዚያ በጎኑ ዞራ ትገባለች።

ስፖኪዮውን ላወልቀው ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አየሁበት።
ሐይቁ ሙሉውን አለበት፣ መንገዱም አለበት፣
ነጥብ የምታክል ጥቁር ነገርም አለች፤
እየራቀች ይሁን እየቀረበች
መለየት አልቻልሁም።
ጣሳዬን አንስቼ ብሎን መፈለግ ጀመርሁ።