ላይ ብዬ መጥቼ

ዐርባ ዓመቴ ሞላ፣ ከዚሁ ከወሎ፣
ላስታን ሳላያት፣ «ይደረሳል» ተብሎ።
ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ፣ አይቷት ሲመለስ፣
እኔ ከኮምቦልቻ አልሄድኩም፣ እስከ ዳገቷ ድረስ።

ዘንድሮ ግን ይማም፣ ሚኒባሱን አጥቦ፣
«ለገና! ላስታ!» ሲል፣ ሰው ከየደጁ ስቦ፣
የፊት ወንበር ያዝኩ።
«ልትሳለም ነው?» አለኝ፣ መሪውን እየጠመዘዘ።
«ላይ ነው» አልኩት።
«ማየትም ደግ ነው፣ ዓይን ካልደነዘዘ።»

ዲልብን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፣
ጋሸና ላይ ውርጩ መስተዋቱን ከደነ፣
ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሰው ተሸፈነ።
ዘንግና ስልቻ፣ በጀሪካን ውሃ፣
ተረከዝ የነቃ፣ እንደ በጋ ጭቃ።
ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ። ይማም ማርሽ ለውጦ፣
አቧራ እንዳይጠጡ አለፋቸው፣ ዳር ዳሩን መርጦ።

በዋዜማው ገባን።
«የታለ?» አልኩ ወርጄ፣ ቀና ብዬ ሳማትር፤
ጋራ ነው፣ ሰማይ ነው፣ የቆርቆሮ ሰፈር።
አንድ ልጅ ሳቀብኝ፣ «ጋሼ፣ ወደ ታች ነው!»
ላይ ብዬ መጥቼ፣ ለካ ታች ነው ያለው።

ሕዝቡ ቆሞ አደረ። እኔ ወንበሬ ላይ አደርኩ።

ያ የሳቀው ልጅ ስሙ ደርበው ነው፣
ሲነጋ ከቅጥሩ ደጅ፣ ጫማ ሲጠብቅ አገኘሁት።
«ቁጥር የለውም ወይ?» ብለው፣ ግንባሩን ነካ፤
«እዚህ ነው መዝገቡ፤ አንድም ጫማ አይተካ።»

ስልኬን አወጣሁ። ዓምዱን አነሣሁት፤
መስኮቱን፣ መስቀሉን፣ ዐለቱን ለቀምሁት።
ካህናቱ ካፋፉ፣ ሌሎቹ ከጉድጓዱ፣
ላይና ታች ሆነው እየተቀባበሉ ሲወርዱ፣
ከበሮው ደረቴ ውስጥ ሲመታ ሰማሁት፤
እሱንም ቀረጽሁት።
«ዞር በል ልጄ፣ ጋረድከኝ» አሉኝ አንዲት ባልቴት።
ዞር አልኩ።
እሳቸውንም አነሣኋቸው።

ከዚያ ያ ጨለማ፣ መብራት የሌለበት፣
ቀኝ እጅ ከግድግዳው፣ ጎንበስ የሚሉበት።
ሲኦል ይሉታል ስሙን።
ስልኬ እዚያ ሞተ፤ ባትሪው አለቀበት።
ከፊቴ የሰው ጀርባ፣ ከኋላ ሰው ትንፋሽ፤
አንዱ «አይዞህ» አለኝ፣ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ «እንዳትሸሽ»።

ስወጣ ጫማ የለም።
ሺህ ጫማ አለ፤ የእኔ የለም። ከደሴ ፒያሳ፣
ለገና የገዛሁት፣ ገና ያልጠገብኩት።
ደርበው ማለ፣ ተገዘተ፤ «በማርያም! አሁን ነበር!»
ብሬን ሊመልስልኝ ኪሱን ሲበረብር፣
ግማሽ እርሳስ ወጣ፣ አንድ ጠጠር ወጣ።
«ተወው» አልኩት። ተወው ማለት ቀላል፤
በታኅሣሥ ላስታ ላይ ግን ድንጋይ እግር ይበላል።

ዳገቱን እያነከስኩ፣
«ኸረ ቁም!» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። ቆምኩ።
አያ ጓንጉል ናቸው፤ ፎጣ በትከሻ፣ ሳህን በእጅ።
«ሰዉ ትናንት ገባ፣ ዘገየህ አንተ ልጅ።
ከየት ነው?»
«ከኮምቦልቻ።»
«ውይ! ይህን ሁሉ፣ በባዶ እግር ብቻ!»

አፌ ሊናገር ነበር፤ «በሚኒባስ፣ በፊት ወንበር»፤
ግን ጎንበስ ብለዋል። ውሃው ሞቋል። እጃቸው እግሬ ሥር ነበር።
ያ የድንጋይ ጠራቢ እጅ፣
ጣት ከጣት ሲለይ፣ ቁስል ሲፈልግ፣
«አልጎዳህም» አሉ፣ «ተመስገን»፤
እኔ ዝም። ዋሸሁ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር።
ከዚያ ካጠቡበት ውሃ በመዳፋቸው ዘግነው፣
ፊታቸውን አበሱ።

ያኔ አየሁ።
በሞተ ስልክ።

የልጃቸውን ኮንጎ ጫማ አጥልቀውልኝ ወረድኩ።
ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል ደርበው እየሮጠ፣
ላብ በላብ ሆኖ፣ በመስኮቱ አቀበለኝ፤
አንድ ጫማ። የግራው።
«ቀኙንም አገኘዋለሁ፤ እዚህ ነው መዝገቡ!»

ይማም ኮንጎውን አየ፣ ጭኔ ላይ ያለውን አየ።
«እህስ፣ አየህ?» አለኝ።
አልመለስኩለትም።
ጋሸና እስክንደርስ እግሬ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ይኸው ጥምቀት አለፈ፣ ጾም ገባ፣ ደርበውም አልደወለ።
የማያውቅ ቢጠይቀኝ፣ «ላስታን አይተሃል?» ብሎ፣
አንድ እግሬ እዚያው ነው፣
እለዋለሁ።