ድረስ

አፉላ ዳር፣ ሱፍ ከሚቆላበት ፋብሪካ በር፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ እኔና አንዲት ወንበር፤
የመኪና ታርጋ ከምጽፍበት ደብተር ጀርባ
ሰው እየሠራሁ ነው፣ ያለኝም ነጥብ አርባ።

አርባ ብቻ ነው። ቢለምኑት አይጨምር፣
ምራቂ አያውቅም ይህ የጨዋታ አገር።
ጉልበት፣ ፍጥነት፣ ጽናት፣ ጥበብ፣ ግርማ ሞገስ፤
አንዱን ስታጠግበው ሌላው ነው የሚያንስ።

እኔ የምመኘው፣ እውነቱን ልናገር፣
ሠላሳውን ሙሉ ጉልበት ላይ መከመር፤
መጥረቢያ በሁለት እጅ፣ እርቃኑን ደረት፣
ዘንዶውን አንገቱ ላይ አንድ ጊዜ መምታት።
(ጥበብማ አንድ ትበቃዋለች፣ ምን ታደርግለታለች?
ዘንዶ ፊት ለቆመ ሰው መጽሐፍ መች ትገለጣለች?)

ግን ስድስት ነን፣ ስድስታችንም ገዳይ።
ሳሻ ከሃይፋ እሳት ያዘንባል ከሰማይ፤
ሪም ከናዝሬት፣ ከዋናዋ ናዝሬት፣ ቀስቷን ይዛ ገደል ላይ፤
የዲሞና መንትዮች በጩቤ፤ አንዱ ደግሞ
ከየት እንደሆነ ነግሮን የማያውቅ፣ ሁሌ አኩርፎ፣ ሁሌ ቀድሞ።

ባለፈው ሐሙስ በረዶው ዋሻ ገባን።
ሁላችንም መታን። ሁላችንም ሞትን።
«አንድ እንኳ የሚያክም የለም?» ሲል ሳሻ ጻፈ።
ማንም አልመለሰ፤ ረጅም ዝምታ አለፈ።
«እኔ እሆናለሁ» አልኩ።
ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ስለዚህ ይኸው፦ ጥበብ ሃያ ስድስት፤
ቁስል የሚዘጋ ብርሃን፣ መርዝ የሚነቅል ጸሎት።
ጽናት ስምንት። ጉልበት ሁለት፣ በትሩን ይሸከም።
ግርማ ሁለት። ፍጥነት ሁለት፤ ሐኪም አይሽቀዳደም።
ደመርኩ፣ አርባ። ሰረዝኩ፣ ደመርኩ፣ አርባ መጣ።
አንድ የጭነት መኪና ገባ፣ ሌላው ወጣ።

የተሳሳተ ድልድል ማፍረስ ሺህ ወርቅ ያስከፍላል፤
ሺህ ወርቅ ለመሰብሰብ ሦስት ወር ያስለፋል።
(ኤሌክትሪክ ስማር ሁለት ዓመት አፍስሻለሁ፤
የዚያስ ማፍረሻው ስንት ነው? ማንን እጠይቃለሁ?)

ሲነጋ ቤት ገባሁ። እናቴም ከሆስፒታል ገባች፣
የሌሊት ጫማዋን በር ላይ አወለቀች።
ደብተሩን አየችው፣ ቁጥር በቁጥር ላይ፤
«የቤቱ ብድር ነው? ጨመሩብን ወይ?»
«ሰው ነው» አልኳት፤ «ሐኪም። እየደለደልኩት።»
ቁጭ አለች። አንድ በአንድ አነበብኩላት።
ጉልበት ሁለት ስላት የራሷን ጉልበት አሸች፤
«የኔም ከሁለት አያልፍ» ብላ ሳቀች።
ፍጥነት ሁለት ስላት ግን ሳቋን ተወችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ነው ያን ኮሪደር የምወለውለው።
ደወል ሲጮህ እርጥቡ ላይ እየተንሸራተቱ
የሚያልፉ አሉ። ባልዲዬን ይደፉታል።
ይቅርታም አይሉኝ፣ እኔም አልቀየማቸው።
ቀስ ብሎ የሚመጣ ሊቅም አለ፣
መነጽሩን አስተካክሎ፣ ወረቀት አገላብጦ፤
እሱ የደረሰበትን አልጋ
አንሶላውን የምቀይረው እኔ ነኝ።»

ከጥበቡ ስምንት ነቅዬ ፍጥነት ላይ ተከልኩ።
አሥር ሆነ። ሌላውን አልነካሁ።

«ስምስ አወጣህለት?»
ሰው እዚያ የሚጽፈው የሞት ጥላ፣ የደም ንስር ነው።
እሷ ካልሲዋን እያወለቀች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣
«ድረስ በለው» አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐሙስ ማታ። በረዶው ዋሻ።
ሳሻ ደሙ ሊያልቅ ሲል ይጽፋል፦ ድረስ!
ሪም ከገደሉ ላይ፦ ድረስ! ድረስ!
ያ ዝምተኛውም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ድረስ።
ስሜን መጥራታቸው ነው።
ቃሉ ምን እንደሚል የሚያውቅ ከመሃላቸው የለም።

እኔ እሮጣለሁ። በረዶው ያንሸራትታል።
የማንን ባልዲ እንደደፋሁ
ዞሬ አላየሁም።