ደጃፍ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ለንደን ስታንቀላፋ፣
ቢሊንግስጌት ገበያ በረዶ ስገፋ፣
በመጀመሪያው ቀን ጋሪዬ ተደፋ።
ስልሳ ማኬሬል ዓሣ ወለሉ ላይ ፈጦ፣
እኔም ከመካከል፣ እግሬ ተቆልምጦ።

ዊኒፍሬድ ብቅ አለች፣ በጎማ ቦት ጫማ፣
ድምጿ እንደ መርከብ ጡሩምባ ከሩቅ ሲሰማ፦
«አንተ የኤሊ ሬሳ! አንተ ቅርፊት ራስ!
እጅ ነው የሰጡህ ወይስ የራሰ ልብስ?
እንኳን ዓሣ ልትሸከም ስምህን አትችልም፣
የቆመ የኩሬ ውሃ ካንተ አይሻልም?»

ያልኩት በልቤ ነው፣ አንገቴን ደፍቼ፦
«ይህን ሁሉ ስድብ ባዶ ሆዴን ጠጥቼ፣
ነገ አልመለስም።»
እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣
አንድ ባንድ ለቀመች ማኬሬሉን ሁላ፤
ከኪሷ አወጣች ግማሽ ዳቦ በቅቤ፣
«ብላ፣ አንተ ጅላጅል!»
እንጃ፣ ሞቀኝ ልቤ።

ማታ ሌላ ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ብገልጥ፣
ገበያዬን አገኘሁት በሁለት ቃላት መካከል ፍጥጥ፦
ቢሊንግስጌት፤ ትርጉሙ፣
የብልግና አነጋገር፣ ዘለፋ፣ የስድብ ናዳ፣
ቆሻሻ ቃል፣ ያፍ ዕዳ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ነውና፣
ጎረጎርኩ ወደ ታች፣ ቃሉን ያዝኩና።
ድሮ፣ በቴምዝ ዳር፣ የጀልባ በር ነበረ፤
ቢሊንግ ማን እንደሆነ እርግጡን ማንም አልነገረ፤
አንዱ ንጉሥ ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ባላገር፣
ውሃው ብቻ ያውቀዋል፤ ውሃ ደግሞ አይናገር።

ዶርካስ ልበላት አንዷን፣ ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣
መዝገብ ስሟን አልጻፈም፤ ስድቧን ነው ያገኘሁት።
እጇ በጨው ተሰነጣጥቆ፣ ጉንጯ በብርድ ገርጥቶ፣
የሞላ ቅርጫቷን ገዢ በግማሽ ዋጋ ገምቶ፣
ሚዛኑን በአውራ ጣቱ፣ ዓይኗ እያየ፣ ሲያዘነብል፣
ዳኛ የላት፣ ዱላ የላት፤
ከምላስ በቀር ምን አላት፣ ቆዳ ዘልቆ የሚነድል?

ሰደበችው።

ባለ ካባው ጌታ፣ አፍንጫውን በሐር ይዞ፣
ሰምቷት አለፈ፤ ቤቱም ገብቶ፣ ላባ ብዕሩን መዝዞ፣
የወዳጆቹን ብልግና፣ የችሎቱን፣ የምክር ቤቱን፣
በሷ በር ስም ጠራው፤ ለሷ ሰጣት ግማቱን።
ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ፤
ይህን ተረት ለንደን አልሰማችም በወቅቱ።
እንግዲህ ቃሉ ራሱ ስድብ ነው፣ ካባ የለበሰ፣
ስንት ምዕት ዓመት ሙሉ ባንዲት ቅርጫት ላይ የፈሰሰ።

ባለፈው ኅዳር ለዊኒፍሬድ ደብዳቤ መጣ፣
ወረቀቱ ነጭ፣ ቃሉ ለስላሳ፣ አንድ ክፉ ፊደል ያልወጣ፦
«ለሠላሳ አንድ ዓመት ትጋትዎ ከልብ እናመሰግናለን፤
ከሰኞ ጀምሮ ግን አገልግሎትዎን አንሻም፤ መልካሙን እንመኛለን።»
ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ልታነብ ሞከረች።
ካወቅኋት ጀምሮ ያን ቀን፣ ዊኒፍሬድ ዝም አለች።

ዓሣው አልሸተተኝም። ደብዳቤው ሸተተኝ።
የሰፈሬ አማርኛ ከሆዴ ገፋፋኝ፤
ወደ ፎቁ፣ ወደ ቢሮው፣ ወደ መስታወቱ ቀና ብዬ፣
ጮህኩት፣ በበርበሬ የሚያሳጥነኝን፣ ብትሰማኝ እማዬ።

ዊኒፍሬድ ሳቀች። እንባዋን በጓንቷ ጠርጋ፣
ቅርፊት ጉንጯ ላይ ቀረ፣ ብር መስሎ ሲያንጸባርቅ ሲነጋ።
«ምን ማለት ነው ያልከው?» አለች፣ «ንገረኝ፣ አንተ ጅላጅል።»
ቃል አጣሁ። ስድብ ባሕር ሲሻገር ግማሹ ይሰምጣል መሰል።
ንጹሕ ቃል ሰጠኋት በምትኩ፦
«እኛ ዘንድ ደጅም አፍ አለው፤ ደጃፍ ይባላል» አልኳት።
በድዷ፣ በከንፈሯ፣ ደጋግማ አላመጠችው፤ አቃታት።
ዲጃ። ዴጃፍ። ደጃፍ።

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች፤
ጣቷን ወደ መስታወቱ ቀስራ፣ ሳንባዋን በብርድ ሞላች፤
«ደጃፍ!» አለች፣
«እናንተ ደጃፍ ሁላ!»