ዘጠነኛዋ ሳንቃ

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በወለንጪቲ መንገድ፣
ባቡር የረሳው፣ ሣር የዋጠው ሐዲድ
ዳር ላይ ነው ቤታችን።
ወንድሜ ምትኩ ሜትር ይዞ መጣ፣
ለካ፣ አባዛ፣ «ሴራሚክ» አለ፣ ዋጋ አወጣ።
«ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጨርቅ የሚጸዳ፣
ምስጥ የማይበላው፣ የማያመጣ ዕዳ።»

እኔ ምንም አላልኩም።
ኦቦ ዋቅቶላን ጠራሁ፣ ከላይኛው መንደር፣
እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ የሚያድር።
ጫማውን አወለቀ፣ በረንዳው ላይ ተወው፣
ወለሉን ሊያነጋግር የመጣ ነው የሚመስለው።
ተንበርክኮ ኳ ኳ አደረገ፣ ሳንቃ በሳንቃ፣
የታማሚ ጀርባ እንደሚመታ ሐኪም።
«ይኼ ደኅና። ይኼም ደኅና። ይኼ ግን ባዶ ነው፤
ምስጥ ቆዳውን ትቶ ሥጋውን ነው የበላው።»

መጀመሪያ ላስቲኩ ተነሣ፣ አበባ ያለበት፣
እናቴ ለሠርጌ ብላ የዕቁብ ብሯን ያወጣችበት፤
ሠርጉ ቀረ፤ ላስቲኩ ሃያ ዓመት ቆየበት።
ከላስቲኩ ሥር ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ሥር አቧራ፣
ከአቧራው ሥር ቀይ ሰም፣ የየበዓሉ፣ ተራ በተራ፤
እኔና ምትኩ በአሮጌ ካልሲ
እየተንሸራተትን ያሸነው።
«ሰሙ ይኸውልሽ» አለ፣ ፍቅፋቂውን በእፍኙ አፍሶ፣
«ወርቅ ደግሞ አይወጣም፣ እጅጌ ረጅም ለብሶ።»

ሦስት ቀን ፋቅን። የብርጭቆ ወረቀት ጣቴን በላ።
ዓይናችን ቀላ።
የአዳማ ነፋስ በበር ገብቶ ዱቄቱን አነሣው፣
የቤቱን አሮጌ ቆዳ ለሰፈሩ አዳረሰው፤
ባለ ጋሪውን ሳይቀር መንገድ ላይ አስነጠሰው።

በአራተኛው ቀን ዝግባው ብቅ አለ።
ቀለሙን እንዴት ልበላችሁ?
ከማር ይፈካል፣ ከገለባ ይጠቁራል።
የዛፉ ዓመታት ተኝተው ታዩኝ፤
ዝናብ የጠገበው ሰፋ፣ ድርቅ ያየው ጠበብ፣
ከባቡሩ በፊት ተጽፎ
ዛሬ የሚነበብ።
ምስጥ በበላቸው ሦስቱ ቦታ
ከፈረሰ ፉርጎ የወጣ ጣውላ ገጠምን።
«ቀለሙ ይለያል» አልኩት።
«ይለያ። እንግዳ ነው፤ ይለምዳል።»

ዘጠነኛዋ ላይ ስንደርስ ጮኸች።

ከበሩ ቆጥሬ ነው የማውቃት።
አባቴ ሐዲድ ጠባቂ ነበር፣
ከእንቅልፉ ቀድሞ ጆሮው የሚነቃ።
እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ከሲኒማ መልስ፣
ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣
ስምንቱን እንደ ድመት አልፌ፣
ዘጠነኛዋ፦ ቂ...ው!
ከጓዳ «ዘርፌ ነሽ?» ይላል።
ከዚያ በላይ አይጨምርም።
ኩራዙን እፍ ብሎ ያጠፋል።

አንድ ሌሊት ዘለልኳት።
ኩራዙ እስኪነጋ በራ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ፣ አውቄ፣ በተረከዜ።

«እቺ ልል ናት» አለ ዋቅቶላ፤
«ወራጁ ላይ አልተቀመጠችም።
ሁለት ሚስማር ይበቃታል፤ ዝም ትላለች።»
መዶሻውን ሲያነሣ ክንዱን ያዝኩት።
«ተዋት።»
«ትጮሃለች እኮ።»
«አውቃለሁ።»
አየኝ። እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣
ጠርዟ ላይ ትንሽ ጭረት ጫረ፣
ሌላ አናጢ ቢመጣ እንዳይመታት።
ከዚያ የተልባ ዘይት በሰም አዋሕደን
እሷንም ከእህቶቿ እኩል ቀባናት።

ቅዳሜ ማታ ምትኩ መጣ፤
የሴራሚኩ ዋጋ ኪሱ ውስጥ ታጥፎ።
ባለፈው ጥር መሬት ስትርድ
የጎረቤታችን ነጭ ወለል
እንደ እንቁላል ቅርፊት መፈንዳቱን ልነግረው
አዘጋጅቼ ነበር። አልነገርኩትም።
ማንም ሳይለው ጫማውን አወለቀ።
ስምንት ተራመደ።
ዘጠነኛዋን ዘለላት፣ እንደ ልጅነቱ፣ ሳያስበው።

ቤቱ ጸጥ አለ።
ግድግዳው ላይ ወዳለው የአባቴ ፎቶ ቀና አለ፣
ወደ እኔም፣
ተመልሶ መጥቶ
ረገጣት።