የእጅ ልክ

በጨረታ ገዛሁህ፣ በአሮጌ ብስክሌት ዋጋ፣
ሌላ ተጫራች ሳይመጣ፣ ማንም እጁን ሳይዘረጋ፤
የታንኳ ሠሪዎቹ ቤት ሲዘጋ የቀረህ የመጨረሻ ዕቃ፣
አንተ ሦስት መቶ ኪሎ ዝገት፣ አንተ መላጊያ የሳንቃ።
አጫራቹ እየሳቀ፦ «ራይሊ፣ ይሄ ጎማ የለው፣
የተማሪ አውቶቡስ መሰለሽ እንዴ የምትነጂው?»
ጎረቤቴ ፔንቲ በትራክተር ጎትቶ
ከጋራዤ ደጅ ጣለህ፣ ሣሬ ላይ ቦይ አውጥቶ።
ሐይቁ ገና በረዶ አልያዘም።
ያን ቀን ማታ አልነካሁህም፤
እንደ ክፉ ውሻ ጠረኔን እንድትለምድ
መብራት አብርቼ አጠገብህ ቆምኩ።

እንተዋወቃለን።
የአባቴን ሁለት ጣት የበላህ አንተ ነህ፣
የመቅዘፊያ እንጨት ስትልግ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ።
የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደሙን አላየሁም።
ትዝ የሚለኝ ጓንቱ ነው፣
እናቴ ሁለቱን ጣት ቆርጣ
አፉን በጥቁር ክር የደፈነችው።
ታውኖ አባቴ ግን ስምህን በክፉ አላነሣም፤
ሲጠይቁት «ቸኮልኩ» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።
ቂሙን እኔ ያዝኩለት፣ ሳይሰጠኝ፣ ሳይለምነኝ፣
ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ እንደ ሰው አደራ ከበደኝ።

ብሎንህ ንፉግ ነው፣ የነከሰውን መች ለቀቀ፤
ሦስት ቀን ነጭ ጋዝ አጠጥቼ፣ በአራተኛው ቀን
በመዶሻ ሳባብለው ጓ አለና ወለቀ።
ኩሽኔታህ አሸዋ ያኝካል፤ አዲሱ ከታምፔሬ መጥቶ
ገባ፣ የጡረታዬን እኩሌታ በልቶ።
ግራሶው በብርዱ ረጋ፤ ጣሳውን ምድጃ ላይ አኖርኩ።
ቀለምህን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፦
ላይ ላዩ ግራጫ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ አባቴ የሚያውቀው፣
ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር፣ ከፋብሪካ ይዘኸው የወጣኸው።
ላፍርበት እንጂ አልዋሽህም፣ እኔ የምፈልገው ቀይ ነበር፤
አንዲት ነጥብ፣ አንድ ጭረት፣ የምከስህበት ነገር።
ቀይ ሞልቷል። ዝገት ነው። ደምም ዝገትም
በስድሳ ዘጠኝ ዓመት ዓይን፣ በአንድ አምፖል፣ አይለይም።

ፔንቲ ሲመጣ ራሱን ይነቀንቃል፦
«ለብረት አቅላጭ ስጪው፣ ቢያንስ ምስማር ይሆናል።»
እኔም አንድ ሁለቴ ስልክ አነሣሁ፤
ደግሞ አስቀመጥኩ።

በየካቲት፣ ጠረጴዛህን ልንገለብጥ ተጋገዝን።
ከሆድህ ሥር፣ በሽቦ ታስሮ፣ አንድ እንጨት አገኘን፤
በርች ነው፣ ማር የመሰለ፣ በእጅ ወዝ የጠቆረ፣
ጣት ከምላጭህ ሳይደርስ ሳንቃ ሲገፋበት የኖረ።
መያዣው የእጅ ጎድጓዳ አለው። እጄን ሰደድኩ።
አልገባም።
አውራ ጣቴ ቦታ አለው፣ ሌባ ጣቴም፣ የመሐሏም፤
ለቀለበት ጣትና ለትንሿ ግን ምንም፣
ድፍን እንጨት ነው።
ፔንቲ ባርኔጣውን አወለቀ።
እኔ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ነው የጠረበው፣ ካቆሰልከው በኋላ፣
በተረፈው ሦስት ጣት፣ ለተረፈው ሦስት ጣት።
ሌላ መላጊያ ማሽን መንደሩ አልነበረውም፤
ያለሰለሰው በአንተው ምላጭ ነው።
ፋሻውን እንደ ጠቀለለ ተመልሶ መጥቷል፣
ማንንም ሳይጠራ፣
ቁልፍህን ራሱ ተጭኖ።

ዛሬ ቺንጋህን አጠበቅኩ፣ ምላጭህን ሳልኩ፣
ማብሪያውን ተጫንኩ።
ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ጮህክ፣
የጋራዡ አምፖል ዓይኑን ጨፈን አደረገ።
የጥድ ሳንቃ አቀረብኩ፣ የአባቴን እንጨት አነሣሁ፣
ሁለት ጣቴን ወደ መዳፌ አጠፍኩ፤
ልክ ሆነ።
ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ወጣ፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።
«እንዴት ነው?» አለ ፔንቲ ከበሩ፣ ጆሮውን ይዞ።
«ቀስ እያልኩ ነው» አልኩት።