መሐል ላይ የምትቀመጠው

እቁቡ ወጣልኝ፤ ሃያ ሁለት ሺህ ብር።
ዝናሽ "ጣራው" አለች፤ የኔ ልብ ግን ነበር
ሂርማታ መንገድ ዳር፣ ከሚስባህ ሱቅ ውስጥ፣
አፉ ወንፊት የለበሰ ሳጥን ሲያማርጥ።
"ሪሲቨር ነው" ስላት፣ "አለን አይደል ከዲሹ ጋር?"
"ያ ሥዕል የሚቀበል ነው፤ ይሄ ድምፅ የሚያድል፣ ሌላ ነገር።"

ሚስባህ ተማሪዬ ነው፤ በኦም ሕግ ፈተና
ከሃያው አራት አግኝቶ የወጣ ሲዝናና።
አሁን ግን ባንኮኒው ከሱ ወገን ሆኖ፣
እኔ ከወዲህ ማዶ፣ እውቀቴ መንምኖ፣
"ቲቸር፣ ምን ፈለጉ?" "አምስት ድምፅ ማጉያ፣
ከፊትም ከኋላም ከቦ፣ ሲኒማ ማሳያ፤
ከመሬት የሚያጉተመትም አንድ ትልቅ ባስ፣
ሁሉን የሚያዝ ሪሲቨር፤ ቤቴ እስኪታመስ።"

"ብሩስ?" አለኝ በቀስታ። ነገርኩት። ዝም አለ።
ከመደርደሪያው ላይ ካርቶን አንከባለለ።
"አምስት ሺህ ዋት ይላል የካርቶኑ ጽሑፍ፤
ሃምሳውን ካገኙበት፣ ሌላው ለኔ ትርፍ።"
ደግሞ አንዱን ሳጥን ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ፤
የፈረስ ኮቴ መሳይ ምልክት አፍጥጣ አየችኝ።
"አራት ኦም ነው ይሄ። አምፕሊፋየሩ ስምንት ይላል።
ካገናኟቸው ቲቸር፣ በሳምንቱ ይጨሳል።"
አሥራ ሰባት ዓመት በጠመኔ ስጽፋት፣
ጭስ እንዳላት ያወቅሁ ዛሬ ነው፣ ሱቅ ሳገኛት።

"ክፍሉ ስንት በስንት ነው?" "አራት በሦስት ተኩል።"
"ኮርኒስ አለው?" "ቆርቆሮ።" "ታዲያ ምን ያስቸኩል!
ማነው የሚያዳምጠው?"
"አባቴ።" ምላሴ ላላ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቡና መፈልፈያ ሲያበላ
የማሽኑ ጩኸት ቀኝ ጆሮውን ወስዶ፣
ግራውን ትቶለት፣ ግማሹን ማግዶ።
ዜና ይሁን ድራማ፣ ኳስ ይሁን ጨዋታ፣
"ምን አለ?" ይለናል፣ ጠዋት ይሁን ማታ።
ያለፈውን ስንነግረው ያልፈዋል ሌላ፤
ሳቅ ሁልጊዜ ይደርሰዋል፣ ከሳቅን በኋላ።

ከደጅ ባጃጅ አለፈ፣ ዘፈን እያንጫረረ።
ሚስባህ እስኪርቅ ጠብቆ፣ ድምፁን ቀንሶ ጀመረ፦
"ለአንድ ጆሮ፣ ቲቸር፣ አምስት ሳጥን ምን ይሠራል?
ዙሪያው ቢጮህበት ከየት እንደሆነ በምን ይለያል?
ሰው የሚናገርባት መሐል የምትቀመጠዋ ናት፤
የፊት የኋላው ይቆይ፤ ለሷ ብር አይሰስቱባት።"

ገዛሁ። ያገለገለ ሪሲቨር፣ አንድ ቁልፉ የወለቀ፣
አንድ የመሐል ሳጥን፣ ጥቁር፣ ጠርዙ የተፋቀ፣
ሦስት ሜትር ሽቦ። አምስት መቶ ቀነሰልኝ፣
"ለሰጡኝ አራት ማርክ" ብሎ፣ ሳይስቅ አየኝ።
ሰባት ሺህ ተኩል ተርፎኝ፣ ሳጥኗን ጭኔ ላይ ታቅፌ
ተመለስኩ በባጃጅ፣ የአዌቱን ድልድይ አልፌ።

ማታ ዝናብ ጣለ። የጅማ ዝናብ አይለምንም፤
ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሰው ድምፅ አያስቀርም።
እኔ ድምፁን ጨመርኩ፤ ዝናሽ አንገቷን አሰገገች፤
ተዋናይዋ አፏን ትከፍታለች፣ ቃሏ ግን የለች።
አባቴ ወንበሩን ስቦ፣ በግራ ጆሮው ተጠግቶ፣
መዳፉን ከሳጥኗ፣ ዓይኑን ከከንፈሯ ሳያነሳ ከቶ፣
በጩኸት መሐል ከንፈር ማንበብ ከማሽኑ ሥር ለምዶ፣
ሳቀ። ብቻውን ሳቀ፣ ዕንባው ቁልቁል ወርዶ።

"ምን አለች?" አልነው፣ እኔ፣ ዝናሽ፣ ሶሬቲ፣ አንድ ላይ።
ሳይዞር እጁን አነሳብን፦ "ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።"

ጠበቅን። ቆርቆሮው ይናጣል። ከጥግ በኩል ጠብታ
መውረድ ጀመረች፣ ሪሲቨሩ አጠገብ፣ ቀስ በቀስ፣ በተርታ።
ዝናሽ ባልዲ አቀረበች። አየችኝ፤ በዝምታ።